ያለ ጠላ የተዘከረ ሚካኤል

በ1956 ዓ.ም. አሰበ ተፈሪ ውስጥ የሚካኤልን ማኅበር የመደገስ ተራ የስልክ ኦፕሬተሩ የዳምጤ ነበር። ከመንዝ ተመድቦ ከመጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከቀትር በኋላ ጫት ይቅማል፤ ሲመሽ ምርቃናውን በአረቄ ይሰብራል። ይህን እንደ ሱስ የሚቆጥር ሰው በከተማው አልነበረም። አንድ ቀን ግን ማንም ሳይደውል «አቤት! አቤት!» ይል ጀመር። ሰው ሳቀበት። ሲብስበት አስረው አሰቦት ጠበል፣ ከዚያም ሐረር ሆስፒታል ወሰዱት። ዳነ።

በተመለሰ በወሩ ማኅበር ላይ «የመልአኩ ነው፣ አይቆጠርም» ብሎ ከጽዋው ጠላ አንዴ ተጎነጨ። በዚያው ወደ መጠጡ ተመልሶ ሦስት ሳምንት ጠፋ። ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ሰክሮ ወድቆ ያገኘው የሥራ ባልደረባው፣ የስልክ መስመር ሠራተኛው ዓሊዩ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር መጠጥ አልቀመሰም።

«ጠላውን መቼ ልጥመቅ?» አለችው ሚስቱ አዳነች።

«አትጥመቂ። የማር ብርዝ በጥብጪ።»

«ከማኅበሩ ያስወጡናል! ዘመድ በሌለን አገር ማን ይቀብረናል?»

«ጠላ ከጠመቅሽ ቀብሩ ይፈጥናል።»

በበዓሉ ቀን ቄሱ ባርከው ጽዋውን ለማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ለሙሴው ለአቶ ገብሬ ሰጧቸው። ገብሬ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይሄ የሕፃን መጠጥ ነው! ጠላው የት አለ?»

«የለም፣ ጋሽ ገብሬ» አለ ዳምጤ ቆሞ። «አንዴ ከቀመስኩ ማቆም አልችልም። ሰይጣን ያዘው ያላችሁት በሽታ ነበር፤ ሐኪም አየኝ፣ ዳንኩ። እንዳልመለስበት ዓሊዩ በየቀኑ ከሥራ እስከ ቤቴ ይሸኘኛል። ብትፈልጉ አስወጡኝ፤ ጠላ ግን ቤቴ አይገባም።»

«ዓሊዩ አሰለመህ እንዴ?» አለ አንዱ ከጥግ።

«እሱማ ቅዳሴ ስቀር ነው የሚቆጣኝ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ገብሬ ብቻ አልሳቁም። ጽዋውን እንደያዙ «ያ ሐኪም አሁንም ሐረር አለ?» አሉ።

«አለ። ለማን ነው?»

«ለወንድሜ። ቦኬ ወረዳ ሄዶ ይነግዳል እያልኩ ዋሸኋችሁ። እንዳንተ ታሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ጓዳ ውስጥ ታስሮ ነው ያለው።»

 ከዚያ ወዲያ ዳምጤን ስለ ማስወጣት ያነሳ አልነበረም።

«ሰኞ ፈቃድ እወስዳለሁ» አለ ዳምጤ። «አብረን እንወስደዋለን። ገመዱን ግን ዛሬውኑ ይፍቱለት።»

ገብሬ ብርዙን ጠጥተው ጽዋውን ለቀጣዩ አሳለፉ።