አራቱ የሲምፎኒ ካሴቶች

መካነ ሰላም ፊዚክስ ሳስተምር፣ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ አንዲት ጀርመናዊት ሐኪም ወደ አገሯ ስትመለስ አራት ካሴቶች ሰጠችኝ። ያንድ የድሮ አቀናባሪ ሲምፎኒዎች ናቸው፤ ግን ዓለም የሚያውቃቸው ዓይነት አይደሉም። ሰውየው ሲተቹት ሥራዎቹን ደጋግሞ ቆራርጧቸዋል። እነዚህ ማንንም ሳይፈራ በመጀመሪያ የጻፋቸው ነበሩ። የቀዷቸው ኦርኬስትራዎች ጥቂት ስለሆኑ አደራ አለችኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራው ውስጥ ብቻዬን እሰማቸዋለሁ። አንድ ሳምንት ካሴቶቹን እዚያው ትቼ ወግዲ ደርሼ ስመለስ አንዱን ከፈትኩት። ቫዮሊኖቹ ጀመሩና ተቋረጡ፤ ከዚያ የምክትል ርዕሰ መምህራችን ድምፅ፣ «ክቡራትና ክቡራን» እያለ ቀጠለ። የስብሰባ ንግግሩን አራቱም ላይ ቀድቶባቸዋል። ሌላ ነገር እንዳይቀዳባቸው ሐኪሟ የሰበረችውን የካሴቶቹን ጥርስ ቀዳዳ በፕላስተር ሸፍኖታል። በስህተት አልነበረም ማለት ነው።

መምህራን ተሰብስበው ባሉበት ጠየቅኩት።

«ሰው የማይዘፍንበት ዘፈን ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። «አሁን እንኳ ሰው ይናገርበታል።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩና መጠበቅ ጀመርኩ።

በዓመቱ የሠርጉን ካሴት ይዞልኝ መጣ። ማሻ ላሉት የሚስቱ ዘመዶች እንዳባዛለት ለመነኝ። ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ያደረገኝን ፈጽሞ ረስቶታል። የተሰበረውን ጥርሱን ቀዳዳ በፕላስተር ሸፈንኩና የራሱን የስብሰባ ንግግር ሠርጉ ላይ ቀዳሁበት። እልልታውን ከመጀመሪያው ትንሽ ተውኩለት፣ ምን እንደጠፋ እንዲያውቅ።  ስቀዳው እያፏጨሁ ነበር።

ካሴቱን ከመለስኩለት ከሁለት ቀን በኋላ ሚስቱን አስከትሎ መጣ። እሱ በር ላይ ቆመ፤ የተናገረችው እሷ ናት።

«መምህር፣ አባቴ ዱዓ ያደረጉልን ካሴቱ ላይ ነበር። ክረምት ላይ አረፉብኝ። ሌላ ቅጂ አላስቀሩም?»

ስለ አባቷ አላውቅም ነበር። የለም አልኳት። ባሏን ቀና ብዬ አየሁት። አውቋል፤ ግን ምን ብሎ ይከሰኝ? የእኔን ካሴቶች ምን እንዳደረጋቸው መጀመሪያ ለእሷ መናገር ሊኖርበት ነው። መሬት መሬት አየ።

በሚቀጥለው ዓመት ተዛውሮ ሄደ። ለእሷ እስከ ዛሬ አዝናለሁ። ይቅርታም ልጠይቃት ይገባኝ ነበር፤ አልጠየቅኳትም። እሱን ግን ያን ቀን አንገቱን ደፍቶ ሳየው ደስ ብሎኛል፤ ዛሬም ደስ ይለኛል።