በሙሉ ድምፅ የተበየደው ዲፈረንሻል

ባለፈው ቅዳሜ ናትናኤል ማራኪ ሰፈር ካለው ኪራይ ቤቱ መጣና ገና ሳይቀመጥ፣ «አባባ፣ የመኪናዬን ዲፈረንሻል ላስበይደው ነው» አለኝ። ናትናኤል የታላቅ ወንድሜ የልጅ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ሲያርፍ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር አሮጌ መኪና እየገጣጠመ ከከተማ ወጣ ብሎ አቧራማ ሜዳ ላይ ይወዳደራል። የያዝኩትን ብርጭቆ እንዴት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፤ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ማን ወሰነ?» ብዬ ጮኽኩበት።

ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ምነው? ልጁ ምን አጠፋ?» አለች። ምንም አላጠፋም። የጮኽኩት በሌላ ሰው ላይ ነበር፤ ያ ሰው ግን ዛሬ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም።

በደርግ ጊዜ እኔና ወንድሜ ሙሉጌታ ጎንደር ከተማ አንድ የመንግሥት ጋራዥ ውስጥ እንሠራ ነበር። እሱ ሹፌር፣ እኔ መካኒክ። የማክሰኝት ልጆች ነን፤ በእኛ ዘንድ ታላቅ በባዶ ስሙ አይጠራምና አያ ሙሉ እለው ነበር። መሪ ሲይዝ ጸጥ ይላል። ሌላው ሹፌር የሚራገምበትን መንገድ እሱ እያንጎራጎረ ያልፈዋል።

አንድ መስከረም ላይ፣ ለአብዮቱ በዓል የመኪና ውድድር ይደረጋል ተባለ። ከአዘዞ ተነሥቶ፣ ጠመዝማዛውን ዳገት ወጥቶ ፒያሳ የሚያልቅ። መሥሪያ ቤቶች ከተወረሱት መኪኖች እያዘጋጁ እንዲወዳደሩ ታዘዘ። ለእኛ የደረሰችን ከአንድ ነጋዴ የተወረሰች ትንሽ ፊያት ነበረች። ወንበሮቿን አውጥተን፣ ሞተሯን ፈትተን አጥበን፣ ፍሬኗን አድሰን አሳመርናት።

ለሌላው ሰው ጨዋታ ነበር። ለአያ ሙሉ ግን አልነበረም። ያን ሰሞን ወደ ግንባር ስንቅና ጥይት የሚያመላልሱ ሹፌሮች እየተለቀሙ ይሄዱ ነበር፤ ተራው የእሱ መሆኑም ተነግሮታል። የጋራዡ ካድሬ ጓድ አስናቀ ጠርቶ፣ «ዋንጫውን ካመጣህ ለጋራዡ የግድ ታስፈልጋለህ ብዬ አስቀርሃለሁ» አለው። ቤቱ ውስጥ ገና ድክ ድክ የምትል ልጅ ነበረችው። የናትናኤል እናት ናት።

እንግዲህ ዲፈረንሻል ማለት ከመኪና በስተኋላ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ጥርሳጥርስ ነው። መኪና ስትታጠፍ የውጭኛው ጎማ ረጅም መንገድ፣ የውስጠኛው አጭር መንገድ ይሄዳል፤ ዲፈረንሻሉ ክፍት ሲሆን ሁለቱም እንደየመንገዳቸው ይዞራሉ። ጣጣው አንደኛው ጎማ ጭቃ ወይም ጠጠር ላይ ሲንሸራተት ይመጣል። ጉልበቱ ሁሉ ወደሚንሸራተተው ይሄድና ሌላው ዝም ብሎ ይቆማል። ይህን ለማስቀረት ውስጡን ትበይደዋለህ። ያኔ ሁለቱ ጎማዎች ወደዱም ጠሉም እኩል ይዞራሉ፤ መኪናዋ ግን መታጠፍ ትጠላለች።

ጋሽ ፈለቀ የሚባል በያጃችን፣ «ዝናቡ ገና አልወጣም። መንገዱ ከረጠበ ዳገቱ ላይ አንድ ጎማ ብቻውን ይሽከረከራል፤ እንበይደው» አለ። እኔ ደግሞ፣ «አስፋልቱ ደረቅ ከሆነ ጠመዝማዛው ላይ ቀጥ ብላ ትሄዳለች» አልኩ። ሸጋ ክርክር ነበር። ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ የሚለየን ሰማዩ ብቻ ነበር። አያ ሙሉ ጎማ ላይ ተቀምጦ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እየፈለፈለ ሲያዳምጥ ቆየና፣

«እኔ ክፍቱን ነው የምፈልገው» አለ። «ብትንሸራተት ትንሽ ብዘገይ ነው። አልታጠፍም ካለችኝ ግን የት አባቴ እገባለሁ?»

ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። መሪውን የሚይዘው ሰው ተናግሯል። ነገር ግን ጓድ አስናቀ በአጠገባችን ሲያልፍ ክርክሩን ሰምቶ ኖሮ፣ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ጠራ። ያለ ስብሰባ ብሎን የማይፈታበት ዘመን ነበር። ዘበኛው፣ ገንዘብ ያዡ፣ ጸሐፊዋ፣ ከእናታቸው ማህፀን ከወጡ ጀምሮ መሪ ጨብጠው የማያውቁ ሰዎች ሁሉ ተሰበሰቡ። ጋሽ ፈለቀ እንዲያስረዳ ተደረገ። ሲጨርስ ካድሬው ተነሣ።

«ጓዶች! ሰምታችኋል። አንደኛው ጎማ መሬት ቆንጥጦ መሥራት ይፈልጋል። ሌላው በከንቱ እየተሽከረከረ ጉልበቱን ይበላበታል። ይህ ብዝበዛ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አብዮታችን ሳይሠራ የሚበላ ጎማ አይቀልብም! ሁለቱም እኩል ይዙሩ!»

ተጨበጨበ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔን እስከ ዛሬ አላሳቀኝም።

እጄን አውጥቼ፣ «ጓድ፣ ዝናቡ ካቆመ ሦስት ቀን ሆኖታል። መኪናዋን የሚነዳው እዚህ አለ፤ እሱ ይጠየቅ» አልኩ።

«የጎማ እኩልነት ያስፈራህ ለምንድን ነው?» አለኝ።

በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ ማታ ቤቱ ያልገባ ሰው እናውቅ ነበር። ካድሬው ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳይነቅል፣ «የምትደግፉ እጅ አውጡ» አለ። ሁሉም አወጣ። ጋሽ ፈለቀም መሬት መሬት እያየ አወጣ። አያ ሙሉ ከጎኔ ነበር፤ ቀኝ እጁን አወጣ። እኔ አላወጣሁም። ያኔ በግራው የእጄን አንጓ ለቀም አደረገና ክንዴን ከራሴ በላይ አነሣው። እንደ መፍቻ ነበር የያዘኝ፤ ላወርደው ብታገል አልቻልኩም።

«በሙሉ ድምፅ!» አለ ጓድ አስናቀ።

ወደ ቤት ስንሄድ አለቀስኩበት። «ምነው አያ ሙሉ? ክፍቱን ነው የምፈልገው ያልክ አንተው አይደለህም?» አልኩት።

«ዝም በል» አለኝ። «እናታችን ያላት ሁለት ልጅ ነው። በአንድ ዲፈረንሻል ሁለታችንንም ትጣን?»

የውድድሩ ዕለት ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ መሰለ፤ ጠብታ የለም። ከመንገዱ ዳርና ዳር አደይ አበባ ፈክቷል፣ ሕዝቡ ጃንጥላውን ለፀሐይ ዘርግቷል። እኔ ከተማው መግቢያ ላይ፣ በጣም የሚጠማዘዘው ቦታ ቆሜ ነበር። ፊያቷ ስትመጣ መጀመሪያ የሰማሁት ሞተሯን አልነበረም፤ በግድ እኩል የሚዞሩትን የኋላ ጎማዎች ጩኸት ነው። ያም ሆኖ ሁሉንም ቀድሟል! ያቺን አሻፈረኝ ባይ መኪና እየታገለ እስከዚያ ድረስ አንደኛ አድርጎ አምጥቷታል። ከፊቴ ሲደርስ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው። የፊት ጎማዎቹ ዞሩ። መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ የመንገዱን የድንጋይ ግንብ መታች፣ የኋላ ዘንጓም ተሰበረ። አያ ሙሉ የተሰበረ ክንዱን አቅፎ ወጣ። እያየን ዲፈረንሻሏን ማንም ያልነካባት የሌላ መሥሪያ ቤት መኪና ቀስ ብላ ታጥፋ አለፈች።

በማግሥቱ ግምገማ ነበር። ጓድ አስናቀ፣ «መኪናዋ ትክክለኛውን መስመር ይዛ ነበር፤ የተሳሳተው ሹፌሩ ነው» አለ። ይህም ተጨበጨበለት።

አያ ሙሉ ክንዱ እስኪጠገን ተጠበቀና ወደ ግንባር ተላከ። ለጥምቀት አብሮን አልነበረም። ከዚያ በኋላም አብሮን አልነበረም። መርዶው እንኳ በወጉ አልመጣም፤ እናቴ ስታለቅስ የኖረችው እርሟን ሳታወጣ ነው።

ሰዎች፣ «ስንቱ ባለቀበት ዘመን አንተ ስለ ዲፈረንሻል ትናደዳለህ?» ይሉኛል። አዎ፣ እናደዳለሁ። ካድሬው ቢሳሳት ኖሮ እተወው ነበር፤ ሰው ይሳሳታል። ያንገበገበኝ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ አለመጠየቁ ነው። ከሞት ሊተርፍበት የነበረውን ነገር ጨብጭበው በየዱበት፤ እጁንም አስወጥተው የራሱ ውሳኔ አደረጉት። አንዳንድ ቀን በአያ ሙሉም እናደዳለሁ፣ ክንዴን ለምን አነሣኸው እያልኩ። ከዚያ የኖርኩት በዚያ ምክንያት መሆኑ ትዝ ይለኝና የምናደድበት አጣለሁ።

ናትናኤል ይህን ሁሉ የቀረበለት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ሰማኝ። ስለ አያቱ ግንባር መቅረት እንጂ ስለ ፊያቷ ማንም አልነገረውም ነበር።

«እና እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ በመጨረሻ። «ልበይደው ወይስ ይቅር?»

አቧራ ሜዳ ላይ ከሆነ መበየዱ እንደሚጠቅመው፣ አስፋልት ላይ ከወጣ ግን እንደሚከዳው ነገርኩት። «የማውቀው ይኸው ነው። መሪውን የምትይዘው አንተ ነህ፤ አንተው ወስን» አልኩት።

ልጁ ያዘንኩ መስሎት ሊያስቀኝ ፈለገ መሰለኝ፣ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ፣ «በሙሉ ድምፅ ተወስኗል!» አለ።

አንጓውን ያዝኩና እጁን ወደ ጠረጴዛው አወረድኩት። ጠንከር አድርጌ ሳልይዘው አልቀረሁም፤ ናትናኤል አልሳቀም፤ እጁንም አልነጠቀኝም።