አባቴ፣ እንቁራሪቶቹና ሁለት ደቂቃ

በሦስት ዓመት ውስጥ ስድስት ሥራ ለቅቄያለሁ። ሻኮፒ የምትባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስለጥፍ አራት ወር ቆየሁ፤ የሽማግሌዎች መንከባከቢያ ውስጥ ሁለት ወር፤ ከአንድ ፋርማሲ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ምሳ ወጥቼ አልተመለስኩም። እናቴ "መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" ትለኛለች። አልለቀቅ ያለኝ ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ የከተማው የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ ላይ ሣር ማጨድ። ትልቅ ማሽን ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጆሮዬን ደፍኜ፣ ማንም ሳያናግረኝ እነዳለሁ። እየተቀመጥኩ እሄዳለሁ፤ እየሄድኩ ደመወዝ ይከፈለኛል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል።

ጎልፍ ለማያውቅ ሰው፦ ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ እየመቱ፣ ሜዳው ላይ ተራርቀው የተቆፈሩ አሥራ ስምንት ጉድጓዶች ውስጥ በየተራ ማስገባት ነው። ግማሽ ቀን ይፈጃል። የእኛ ሜዳ ዘጠኙ ጉድጓድ ዳገቱ ላይ፣ ዘጠኙ ደግሞ ታች ወንዙ ዳር ነው። በረዶው ሲቀልጥ ወንዙ ሳይጋበዝ ወደ ታችኛው ዘጠኝ ይገባና እስከ ሰኔ አይወጣም። ማጨጃዬ ሁለት ጊዜ እስከ ጎማው ሰጥሞ በትራክተር ተጎትቷል። እንቁራሪቶቹ ከፊቴ እየዘለሉ ስለሚያስቸግሩኝ ወርጄ በኮፍያዬ እየሰበሰብኩ ዳር አደርሳቸዋለሁ። አንድ ጊዜ አሥራ ሦስተኛው ጉድጓድ አጠገብ ያለው አሸዋ ውስጥ የምጣድ ክዳን የምታክል ኤሊ እንቁላሏን ስትጥል አገኘኋት። ጨርሳ እስክትሄድ ሞተሩን አጥፍቼ ጠበቅኋት። አለቃዬ ሰዓቱን አየና መንገዱን ቀጠለ።

አባቴ ደግሞ እዚሁ ሜዳ ላይ ይጫወታል። ከሃያ ዓመት በላይ የኤርፖርት ታክሲ ነድቷል። ከአምስት ዓመት በፊት እኔ ጋሼ የምላቸው የሥራ ጓደኛው "ና አንድ ቀን ሞክረው" ብለው ወሰዱት፤ አለቀለት። ማክሰኞ ጠዋት ማንም አያገኘውም። አጨዋወቱን ግን ባላወራው ይሻላል። ማጨጃ ላይ ሆኜ ሲመታ ሳይ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ጎንበስ እላለሁ።

ታዲያ ፓርኮቹን የሚያስተዳድረው ቦርድ አንድ ሐሳብ አመጣ፦ ታችኛው ዘጠኝ ይቅር፣ ረግረግና የዱር ሣር ሆኖ ለወፍ፣ ለንብና ለእንቁራሪት ይለቀቅ፣ ጎልፉ ላይኛው ዘጠኝ ላይ ይቀጥል። የሜዳው ሰፈር ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ሰው ደጁ ላይ ኤሊ የተሳለበት ሰሌዳ ተከለ። ግማሹ "አሥራ ስምንትን አድኑ" የሚል። አባቴም የራሱን አምጥቶ ብሩክሊን ፓርክ የምትባል ከተማ የሚገኘው ቤታችን መስኮት ላይ ለጠፈው። ከሜዳው በመኪና ሃያ ደቂቃ እንርቃለን፤ እኛ ሰፈር ነገሩን የሰማ ሰው የለም። የጎረቤታችን ላይቤሪያዊት እናት ቁጥሩን መስኮቱ ላይ አይታ ኬክ ይዛ መጥታ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ማን እንደሆነ ጠየቀችን። ኬኩን በላነው።

እኔ ከእንቁራሪቶቹ ጋር ነበርኩ። እራት ላይ በየቀኑ እንጨቃጨቃለን።

"አባዬ፣ ታችኛው ዘጠኝ ሜዳ አይደለም፤ ሾርባ ነው።"

"ሾርባ ያደረግሽው አንቺ ነሽ። በሥርዓቱ ብታጭጂው ይደርቅ ነበር።"

"ውሃ አይታጨድም።"

"ለእንቁራሪት ብላችሁ ነው እንዲህ የምትባሉት?" አለች እናቴ።

"ለኳስ ነው" አልኳት።

"ለእንቁራሪት ነው" አላት አባቴ።

"በሉ እንጀራው ሳይደርቅ ብሉ" አለችና ቲቪዋን ከፈተች።

ቦርዱ ሰው የሚለውን ለመስማት ስብሰባ ጠራ። የተመዘገበ ሁሉ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይናገራል። አባቴ መዝግቢኝ አለኝ። መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። በእድርና በሠርግ አባቴን ከማይክ የሚያላቅቀው የለም፤ እንግሊዝኛ ሲሆን ግን እስከ ባንክ ድረስ እኔን ይዞኝ ነው የሚሄደው።

"አንተ ነህ የምትናገረው ወይስ እኔ?" አልኩት።

"እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ እነዚህን ሰዎች የማናግራቸው 'የትኛው ተርሚናል ነው' እያልኩ ነው። አንድ ቀን ሌላ ነገር ልንገራቸው።"

ከዚያ በኋላ አልቀለድኩበትም። ማለቴ፣ ትንሽ ቀለድኩ። በስልኬ መዘገብኩት። ወዲያው ደግሞ ከእሱ ቀጥሎ ራሴን መዘገብኩ፤ "ሐሳቡን እደግፋለሁ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። አልነገርኩትም።

አራት ገጽ ጻፈ። ወጥ ቤት ቆሞ ሲለማመድ እናቴ ማይክሮዌቩን ሁለት ደቂቃ ሞላችለት። ማይክሮዌቩ ሲጮህ አባቴ ገና የተከበሩትን የቦርድ አባላት አመስግኖ ወደ ተከበሩት ጎረቤቶች እየተሸጋገረ ነበር።

"ምስጋናውን ቁረጠው" አልኩት።

"አንቺ ሰው ቤት ስትገቢ ሰላም ሳትዪ ነው የምትቀመጪው?"

"ሰላም ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።"

"ለባለጌ አይፈጅም።"

እናቴ ማይክሮዌቩን አራት ደቂቃ ሞላችው። እሱም አልበቃ።

የስብሰባው ቀን የሠርግ ሱፉን ለበሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። በቀኝ በኩል ጎልፍ ተጫዋቾቹ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በግራ በኩል የወፍ ወዳጆቹ የሩቅ ማያ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው። አዳራሽ ውስጥ ምን ወፍ እንደሚያዩ እንጃ። እኔ፣ አባቴና ጋሼ መሀል ተቀመጥን። መናገሪያው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መብራት አለ፤ ቀዩ ሲበራ ማይኩ ይዘጋል። አንዱ ሰውዬ ስለተቃጠለው የሚስቱ አስከሬን አመድ ሲናገር ሳይቀር ዘጉበት። ሚስቱ ሜዳው ላይ ነው መሰለኝ የተበተነችው፤ ሳንሰማው ቀረን።

አባቴ ተጠራ። ኮቱን ቆለፈ፣ ሄደ፣ ትንሽ እጅ ነሣ። ሰብሳቢዋን አመሰገነ። የቦርድ አባላቱን አመሰገነ። ከተማውን፣ ጎረቤቶቹን፣ ሣሩን የሚንከባከቡትን ሠራተኞች አመሰገነ፤ ያኔ ጋሼ በክርናቸው ጎሰሙኝ። ቢጫው በራ። ሰብሳቢዋ በእጇ መብራቱን ስታሳየው አበረታታችኝ ብሎ እሷን በድጋሚ አመሰገነ። ሳቄን ለማፈን ጉንጬን ነከስኩ።

"አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ስገባ" አለ። ቀዩ በራ።

"እናመሰግናለን ጌታዬ" አለች ሰብሳቢዋ።

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። አባቴ መጀመሪያውን ገጽ እንደያዘ ቆመ። ሌሎቹ ሦስቱ አልተገለጡም። ማይኩን ቀስ ብሎ ነካ ነካ አደረገው፤ ምናልባት የተበላሸ መስሎት ነው። የመሳቅ አምሮቴ ጠፋ። ወዲያው የእኔ ስም ተጠራ።

መተላለፊያው ላይ ተገናኘን።

"አንቺ ደግሞ ምን ልታደርጊ ነው?"

"ልቃወምህ" አልኩት፤ አለፍኩት።

ማይኩ ከፍ ብሎብኝ ጎትቼ አወረድኩት። "ታችኛውን ዘጠኝ የማጭደው እኔ ነኝ" አልኩ። "ውሃ ነው። ማሽን ይሰምጣል። እንቁራሪት በኮፍያ እለቅማለሁ፤ ኤሊ እንቁላል እስክትጥል ቆሜ እጠብቃለሁ። ሜዳው የማን እንደሆነ እነሱ ከወሰኑ ቆይቷል። ልቀቁላቸው። ጨርሻለሁ።" መብራቱን አየሁት፤ ገና አረንጓዴ ነው። አፌ ከእኔ ቀደመ፦ "የቀረኝን ጊዜ አሁን ለተናገረው ሰው እሰጣለሁ። አባቴ ነው። በእኔ ሐሳብ አይስማማም።"

አዳራሹ ተንጫጫ። ሰብሳቢዋ አጠገቧ ኮምፒውተር ላይ ወደተቀመጠው ልጅ ጎንበስ አለች፤ ልጁ ወረቀት አገላበጠ፤ ተንሾካሾኩ። እኔ ማይኩን አልለቀቅሁም።

"ይፈቀዳል" አለች በመጨረሻ። "ዘጠና ሰከንድ።"

አባቴ ሊቀመጥ ጎንበስ እንዳለ ቀርቶ ነበር። ጋሼ ከወገቡ ገፉት። መጣ፣ ማይኩን መልሶ ከፍ አደረገው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"በመጀመሪያ ልጄን ማመስገን እፈልጋለሁ" አለ በእንግሊዝኛ። "ቀጥሎም የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ለዚህ ሁለተኛ ዕድል..."

"አባዬ፣ ግባበት" አልኩ በአማርኛ፣ ከወንበሬ።

"ግባበት እንጂ ሰውዬ" አሉ ጋሼ፣ ከእኔ ጮክ ብለው።

ከእኛ ሌላ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ባይኖርም የተባለውን ያልገባው አልነበረም። ግራውም ቀኙም ሳቀ። አባቴም ሳቀ። አራቱን ገጽ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

"ታክሲ ነጂ ነኝ" አለ። "ጎልፍ የጀመርኩት በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። አልችልም። ከአንደኛው እስከ ዘጠነኛው ጉድጓድ ጭንቅላቴ ውስጥ በረራ አለ። ስልኬን አያለሁ። የትኛው አውሮፕላን እንደዘገየ አስባለሁ። አሥረኛው ላይ ስደርስ እረሳዋለሁ። ለምን አሥረኛው እንደሆነ አላውቅም። እንቁራሪቶቹን አልጠላቸውም፤ እዚያ ስደርስ ነው የሚሰሙኝ፤ ከዚያ በፊት ቢጮሁም አልሰማቸውም። ዘጠኝ ካደረጋችሁት፣ ልረሳ ስል ወደ ቤት ላካችሁኝ ማለት ነው። ያለኝ ይሄ ነው።"

ቢጫው ገና እየበራ ነበር። አባቴ ጊዜ ተርፎት አያውቅም። መብራቱን አየ፣ እኔን አየ፣ የተረፈውን ሰከንድ "አመሰግናለሁ" ብሎ ጨረሰው።

ባለ መነጽሮቹ ሳይቀሩ አጨበጨቡለት። ስንወጣ አንዲት አሮጊት በሩ ላይ ይዛው አሥረኛው አካባቢ የሚጮኸው ወፍ ምን እንደሚመስል ጠየቀችው። ጥቁር ነው፣ ትከሻው ላይ ቀይ ማዕረግ አለው፣ ኮሎኔል ነው የሚመስለው ብሎ በእጁ ትከሻውን አሳያት። ሴትዮዋ ደስታዋን አልቻለችም፤ የወፉን ስም ነግራው ሦስት ጊዜ አስደገመችው። ጋሼ በበኩላቸው ሁለት ጎልፍ ተጫዋቾችን "እሷ የእሱ ልጅ ናት፣ ጠላት እንዳይመስላችሁ" እያሉ ያረጋጉ ነበር።

መኪና ውስጥ ገብተን አባቴ ሞተሩን አስነሣ።

"ተቃወምሽኝ" አለ።

"አዎ።"

"ጥሩ ተናገርሽ። ሰላም ግን አላልሽም።"

ሃይዌዩ ላይ እስክንወጣ ድረስ ሳቅን። መውጫችንን ስቶ እስከሚቀጥለው ከተማ ድረስ አልፎ ሄደ፤ ሃያ ዓመት የነዳው መንገድ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቦርዱ ወሰነ፦ ታችኛው ዘጠኝ ይለቀቅ። አባቴ ሁለት ቀን ሙሉ ከእኔ ጋር የተነጋገረው በእናቴ በኩል ነው። "ልጅሽን ጨው አቀብዪው በያት" ይላል፤ ጨው እጄ ላይ ነው። እኔ አሸንፌ ደስ አላለኝም ብል ውሸቴን ነው፤ ደስ ብሎኛል። ደስታዬን ግን ይዤ ጓዳ ገብቼ ነው የጨፈርኩት።

የሚቀጥለው ጸደይ ወንዙ መጥቶ ታች ተኛ፤ ማንም በትራክተር አልተሟገተውም። እንቁራሪቶቹ ጆሮ መከላከያዬን ጥሰው ይሰሙኛል። እኔ ላይኛውን ዘጠኝ አጭዳለሁ፤ በተረፈኝ ሰዓት ታች ወርጄ የዱር ሣር እተክላለሁ፤ አሁንም አልለቀቅሁም።

አንድ ማክሰኞ አባቴና ጋሼ ዘጠነኛውን ሲጨርሱ አየኋቸው። ወደ መኪናቸው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። አልሄዱም። ዱላቸውን እየጎተቱ ዞረው አንደኛው ጉድጓድ መጀመሪያ ላይ ቆሙ። ሣሩን ላስተካክል እዚያው ስለነበርኩ ሞተሬን አጠፋሁ።

"ስልክህ እየጮኸ ነው" አሉት ጋሼ።

"ይጩህ" አለ አባቴ፣ ኳሱን እያስቀመጠ።

ከኋላቸው ተራ የሚጠብቅ አንድ ወጣት ቀረብ ብሎ አንደኛው ላይ ናችሁ ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

"አሥረኛው ላይ ነን" አለው አባቴ።

ልጁ 1 ቁጥር የተጻፈበትን ሰሌዳ አየ። ቀጥሎ የሠራተኛ ሸሚዜን አየና እንዳስረዳው ጠበቀ።

"አሥረኛ ነው" አልኩትና ሞተሬን አስነሣሁ።