ጎረቤት የሌለበት ቅጽ

እስከ ዛሬ ድረስ "ቅጽ ሙዪ" ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በንጉሡ ዘመን፣ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት በተባለች ጊዜ፣ አስመራ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ጠያቂ አድርጎ ቀጠረኝ። አባቴ ከወሎ መጥቶ እዚያው ገጀረት ሰፈር ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። አማርኛውን ከቤት፣ ትግርኛውን ከጎረቤት ይዤ አድጌያለሁ፤ የፈለጉኝም ለዚሁ ነበር። ሥራው ቤት ለቤት እየዞሩ ልጆች የሚደበደቡበትንና በወላጅ የሚጣሉበትን ምክንያት ማጥናት ነው። ቅጹ ከአዲስ አበባ ተዘጋጅቶ የመጣ ነው። እኔም ዕውቀት ማለት እሱ መስሎኝ፣ ቦርሳዬን አንግቼ ማይ ጭሆት የሚባለውን ሰፈር ዞርኩ። ኩራቴን ብታዩት!

እዚያ አንድ ግቢ ውስጥ ሚስቱ የሞተችበት መካኒክ ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። ከጠጣ እጁ አያርፍም። ትልቋ፣ የስምንት ዓመቷ፣ ቀበቶው ሲነሳ ሮጣ የምትገባው ፊት ለፊት ያሉት ባልቴት ቤት ነው። ሰፈሩ ሁሉ "አደይ" ይላቸዋል፣ እናቴ ማለት ነው። የዚያ ሰፈር ወግ እንዲህ ነው፤ ተደብድቦ ጎረቤት ቤት የገባን ልጅ አባቱም ቢሆን አይነካውም። ሽማግሌ ፊት ቆሞ ሁለተኛ እንደማይመታ ካልማለ ልጁን አያገኝም። መሐላውን ካፈረሰ ሰፈሩ በሙሉ ፊቱን ያዞርበታል።

አደይ ሻሂ ቀድተውልኝ ደስ ብሏቸው አወሩኝ። "ሦስት ቀን እኔ ጋ አደረች። አባትየው ምሎ ወሰዳት። ይኸው ሁለት ወር፣ እጁን አላነሳባትም።"

እኔስ ምን ጻፍኩ? ቅጹ "ልጁ ከወላጆቹ ቤት ውጭ አድሮ ያውቃል ወይ?" ይላል። "አዎ፣ ሦስት ቀን" ብዬ ጻፍኩ። ለጎረቤት የሚሆን መስመር አልነበረውም። ጠርዙ ላይ አንድ ቃል ብጨምር ምን ነበረበት? እጄን በቆረጠው!

ለካ በቅጹ ደንብ ከቤቱ ውጭ ያደረ ልጅ ሁሉ የተጣለ ነው። በሳምንቱ የመሥሪያ ቤቱ ማኪና መጥቶ ልጅቷን "የተጣለች" ብሎ ወደ ማሳደጊያ ወሰዳት።

የኃላፊውን በር በርግጄ ገባሁ። "ጌታዬ፣ ልጅቷ አልተጣለችም! ጎረቤት እኮ ነው የጠበቃት!" አልኩት።

እሱ ሆዬ ብዕሩን እያሽከረከረ፣ "የኔ እህት፣ ይህ ጥናት ነው እንጂ ሽምግልና አይደለም። ደግሞስ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም?" አለኝ።

እውነቱን ነው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። አፈር ያስበላህ ብዬው ወጣሁ፤ ምን ዋጋ አለው!

ወር ሙሉ ደጅ ጠናሁ፤ ልጅቷ አልተመለሰችም። አባትየው ደግሞ "ምዬ የታገስኩት ለዚህ ነው?" ብሎ ወደ መጠጡ ዞረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ አደይ ቤት ሄድኩ። ገና ከመቀመጤ ከግቢው ጩኸት ተሰማ። ታናሺቱ፣ የአምስት ዓመቷ፣ በሩን በሁለት እጇ ትደበድባለች። "አደይ! አደይ!" ዘልዬ መቀርቀሪያውን ያዝኩ።

"እጅሽን አንሺ!" አሉኝ አደይ፣ በሩን በጀርባቸው ደግፈው። "እዚህ ካደረች ይቺንም ይወስዷታል።"

"አልጽፍም! ወላሂ አልጽፍም!"

"አንቺ ባትጽፊ ሌላው ይጽፋል።"

የአባትየው ኮቴ ቀረበ። የአደይ ፊት በእንባ ርሷል፤ በሩን ግን አልከፈቱም።