ከደብረ ታቦር የቆሙ ስምንት ኮለኖች

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ያታክተኛል። «ስትራክቸራል ኢንጂነር ነኝ» ስል የሚገባው ጥቂት ሰው ነው። «ሕንፃ እንዳይወድቅ የማሰላው እኔ ነኝ» ስል ደግሞ ለሁሉም ይገባዋል፤ ችግሩ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። «የትኛውን ሕንፃ?» ይሉኛል የደብረ ታቦርን ቆርቆሮ ጣሪያዎች እያዩ። «አዲስ አበባ ያለውን» እላለሁ። ከዚያ በኋላ የሚያዩኝ እንደ ታመመ ሰው ነው።

ነገሩ ግን እውነት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አማካሪ ድርጅት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እናቴ ስታርፍ አባቴ ብቻቸውን ቀሩ። ወደ አዲስ አበባ ይዣቸው ልሄድ ብል «የናትሽን መቃብር ለማን ጥዬ?» አሉኝ። ከእሳቸው ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው ገና አልተወለደም፤ ግትርነቱን ለእኔም አውርሰውኛል። ስለዚህ ኮምፒውተሬን ተሸክሜ እኔው መጣሁ።

አለቃዬ በደስታ አልፈቀዱም። «ሕንፃ በስልክ አይሠራም» አሉ። ለመንኳቸው፣ ደጋግሜም ጨቀጨቅኳቸው። በመጨረሻ እንዲህ ብለው ቆረጡልኝ፦ «አሁን የያዝሽው ባለ አሥራ አራት ፎቅ መሠረቱ እስኪሞላ እንሞክረው። በሰላም ከተሞላ እዚያው ሆነሽ ትሠሪያለሽ። ችግር ከተፈጠረ ወይ ትመጫለሽ ወይ እንለያያለን።» እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ወይ አባቴን ወይ ሙያዬን ላጣ ነበር፤ ሁለቱንም የሚያተርፍልኝ ያ መሠረት ብቻ ነው።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። እኔ አባቴ ቤት መስኮቱ ሥር ተቀምጬ አሰላለሁ፣ ንድፉን እሥላለሁ፣ እልካለሁ። ሳይት ላይ ያለው ወጣት መሐንዲስና ፎርማኑ ደግሞ የታሰረውን የፌሮ ብረት ፎቶ እያነሱ በቴሌግራም ይልኩልኛል። ኔትወርክ ሲኖር ማለቴ ነው። ሲጠፋ ከቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቼ ስልኬን ወደ ሰማይ እዘረጋለሁ፤ ጎረቤት የሚያስበውን ያስብ። የቢሮ ባልደረቦቼም አልማሩኝም። ስብሰባ በተከፈተ ቁጥር አንዱ «ጉና ላይ ገብሱ እንዴት ከረመ?» ይለኛል። ገብሱ ከአንተ ስሌት የተሻለ ፍሬ ይዟል ብዬው አውቃለሁ። ቁጡ ነኝ፤ አልክድም።

ከሁሉም የምወደው ፎርማኑን ነበር። በዕድሜ ጠና ያሉ፣ በእጃቸው ብዙ ሕንፃ ያለፈ፣ ከሐሙሲት አካባቢ የወጡ ሰው ናቸው። ደብረ ታቦር ሆኜ እንደምሠራ ሲሰሙ ያልሳቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ። «እሰይ! ያገር ልጅ ከላይ ሆና ትጠብቀን» አሉኝ። ኢንጂነር ብለውኝ አያውቁም፤ እቴ ነበር የሚሉኝ።

በዚያ ሕንፃ ላይ አንድ ጣጣ ያለበት ቦታ ነበር። ከምድር ቤቱ በላይ ሰፊ አዳራሽ ስላለ፣ በአዳራሹ ዳር የተደረደሩት ስምንት ኮለኖች፣ የኮንክሪት ምሰሶዎቹ ማለቴ ነው፣ ረጃጅም አግዳሚ ቢሞች ይሸከማሉ። ቢሞቹ ኮለኖቹን የሚገፉት በአንድ አቅጣጫ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ኮለን ከሚቆሙት አሥራ አራት ፌሮዎች ስድስቱ በሰሜን ፊት፣ ስድስቱ በደቡብ ፊት ይደረደራሉ። የቀሩት ሁለቱ በምሥራቁና በምዕራቡ ፊት መሐል ለመሐል አንድ አንድ ይገባሉ። ኮለኑ አራት ማዕዘኑ እኩል ስለሆነ ከውጭ ሲያዩት መዞሩ አይታወቅም። ልዩነቱ ከውስጥ ነው፤ ዋናው ጉልበቱም እሱ ነው። ፌሮው የሚተከለው ከመሠረቱ ስለሆነ፣ መሠረቱ አንዴ ከተሞላ ማዞር የለም።

መሠረቱ በሚሞላበት ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የኮለኖቹን ንድፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ለመጨረሻ ጊዜ አየው ነበር። በዋዜማው ከተማ ወርጄ በትልቅ ወረቀት ያሳተምኩት ነው። ሦስት ሰዓት ላይ የኮንክሪት መኪኖቹ ይገባሉ ተብሏል። ወጣቱ መሐንዲስ ቆጥሮ፣ አመሳክሮ፣ ፈርሟል። እኔም ፎቶዎቹን አይቻለሁ። ልቤ ሞልቶ ነበር።

አባቴ መጥተው ከአጠገቤ ቆሙ። አናጢ ነበሩ፤ በጉልምስናቸው የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሲያዋቅሩ ኖረዋል። «እስቲ ይኸን አገር ያስቸገረ ነገርሽን ልየው» አሉና ወረቀቱን ሳቡት። ትንሽ አዩት። ከዚያ አንሥተው ሩብ ዙር አዞሩና መልሰው አስቀመጡት።

«ምነው አባባ፣ ለምን አዞሩት?» አልኳቸው።

«አንጋደሽ አስቀምጠሽው ነዋ። ራስጌው ወደ ምሥራቅ ነው መሆን ያለበት።»

«ማን አለ?»

«ማን ይበል! እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንተልም ፊታችንን ወደ ምሥራቅ አዙረን፣ መቅደሱን ከራስጌ አድርገን ነው መሬቱ ላይ የምንሥል። ራስጌው ምሥራቅ ያልሆነ ንድፍ ምን ሊሆን ነው?»

ሳቅኩ። በእኛ ሙያ የወረቀቱ ራስጌ ሰሜን እንደሆነ ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ፤ ሳልጀምረው ፎርማኑ ትዝ አሉኝ። እሳቸውም የዚሁ አገር ሰው ናቸው። ሙያውን የጀመሩት ካባታቸው ጋር ቤተ ክርስቲያን ሲሠሩ እንደሆነ አጫውተውኛል።

ወደ ወረቀቱ ዞርኩ። ዋናው የሕንፃ ንድፍ ላይ የሰሜን ቀስት አለ። የስምንቱ ኮለኖች ዝርዝር የተሣለበት ወረቀት ላይ ግን ቀስት የለም። ቀስቱን አላስቀመጥኩም። ራስጌው ሰሜን መሆኑን የማያውቅ ይኖራል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ነበር። አበስኩ ገበርኩ! ፎቶዎቹን እንደገና ከፈትኩ፤ ሁሉም ከቅርብ የተነሡ ናቸው፤ ፌሮ እንጂ አቅጣጫ አያሳዩም።

ለፎርማኑ በቪዲዮ ደወልኩ፤ ምስሉ ደረቀ። ጉብታው ላይ በነጠላ ጫማ ሮጬ ወጣሁና በተራ ጥሪ ደገምኩት።

«እንዴት አደሩ? አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ከስምንቱ ኮለኖች ካንዱ ጋ ይሂዱልኝ። ከኮለኑ በስተምሥራቅ ይቁሙና ጀርባዎን ለፀሐይዋ ሰጥተው ወደ ኮለኑ ይዩ።»

«ቆምሁ፣ እቴ።»

«ከፊትዎ ባለው በኩል ስንት ፌሮ ይታያል? ከዳር እስከ ዳር ያለውን ብቻ ይቁጠሩልኝ።»

ልክ ከታሰረ በዚያ ፊት የሚታየው ሁለቱ የማዕዘንና አንዱ የመሐል ብቻ ነው፤ ሦስት ቢሉኝ ስለት አስገባ ነበር።

«ስድስት» አሉ።

«በሞቴ ይድገሙልኝ።»

«ስድስት ነው እንጂ! ወረቀቱ ከራስጌ ስድስት፣ ከግርጌ ስድስት ይላል አይደል? ራስጌው ምሥራቅ፣ ግርጌው ምዕራብ። ስምንቱንም እንደዚያው ነው ያሰርናቸው። ምነው፣ አጠፋን?»

ልቆጣ ነበር። ግን በማን ላይ ልቆጣ? እኚህ ሰው አባታቸው እንዳስተማሯቸው ነው ያነበቡት፤ ምልክት ያልተውኩላቸው እኔ ነኝ። «እርስዎ አላጠፉም። ግን ኮንክሪት አንድ ጠብታ እንዳይገባ» አልኩና ለአለቃዬ ደወልኩ።

አለቃዬ የሰሙትን ማመን አልፈለጉም። «መሐንዲሱ እኮ ቆጥሮ ፈርሟል። አሥራ አራት ነው፣ ልክ ነው።»

«ቁጥሩ ልክ ነው። አቀማመጡ ነው የዞረው። እንዲህ ሆኖ ከተሞላ አሥራ አራቱም ፎቅ በዞረ እግር ነው የሚቆመው።»

«መኪኖቹ መንገድ ላይ ናቸው። አንቺ እዚያ ማዶ ሆነሽ፣ እኛ እዚህ ያላየነውን በምን አየሽው?»

«ፎርማኑ ጀርባቸውን ለፀሐይዋ ሰጥተው ቆጠሩልኝ።»

ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ፦ «ጥፋቱ የማን ነው?»

እውነቱን ልናገር፤ ፎርማኑ ንድፍ ማንበብ አይችሉም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማድረግ በሳይት ላይ የተለመደ ነው። ጥፋቱን በራሴ ካደረግኩ ደግሞ የሙከራው ነገር እዚያው ላይ አበቃ ማለት ነው፤ አባቴን ማን ይዞልኝ ልሄድ ነው? ከጉብታው ላይ ሆኜ ወደ ታች ሳይ አባቴ በር ላይ ቆመው ወደ እኔ ያንጋጥጣሉ።

«የእኔ ነው» አልኩ። «ወረቀቱ ላይ የሰሜን ቀስት አላስቀመጥኩም። ከፈለጉ ያሰናብቱኝ፤ መሠረቱን ግን አያስሞሉ። ከተሞላ በኋላ ጥፋቱ የእርስዎም ይሆናል።»

አለቃዬን እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። እሳቸውም እንዲህ ተናግሯቸው የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስልኩ ሳይዘጋ፣ በሌላ ስልክ «መኪኖቹን መልሷቸው» ሲሉ ሰማሁ።

ያን ቀንና ማግሥቱን ስምንቱንም ኮለኖች አዞርናቸው። አዞርናቸው የምለው እኔም ከጉብታው ስላልወረድኩ ነው። ብረት አሳሪዎቹ ፌራዮዎች እየፈቱ ያስራሉ፤ ፎርማኑ በምሥራቅ በኩል እየቆሙ ይቆጥሩልኛል፤ ሦስት ባሉኝ ቁጥር አንዱን ኮለን ከዝርዝሬ እሠርዛለሁ። ከሰዓት በኋላ «እቴ፣ ፀሐይዋ ዞራ ግንባሬን እየመታችኝ ነው፤ አሁን ማንን ልመን?» አሉኝ። «ኧረ ምሥራቅ የት እንደነበር እርስዎ ይጠፋዎታል?» ብያቸው ተሳሳቅን። ያፈርኩትን ያህል ሥራዬን የወደድኩበት ቀን አልነበረም።

እሑድ አረፉ። ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ራሳቸው ኮምፓስ ይዘው ሳይት ገቡ። እያንዳንዱን ኮለን እየዞሩ ሲያዩ ወጣቱ መሐንዲስ በስልክ ያሳየኝ ነበር፤ ደግነቱ ያን ቀን ኔትወርኩም አዘነልኝ። አንደኛው ልክ። ሁለተኛው ልክ። እስከ ስምንተኛው ድረስ ከእሳቸው ጋር እየቆጠርኩ ሄድኩ። ስምንተኛው ጋ ሲደርሱ ኮምፓሱን ኪሳቸው ከተው «ሙሉት» አሉ።

የመጀመሪያው ኮንክሪት ሲወርድ እልልታዬን አቀለጥኩት። ብቻዬን፣ ጉብታው ላይ ቆሜ፣ ሦስት ጊዜ። አባቴ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። «ምን ተገኘ?» ሲሉኝ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። ኮራሁ፤ በጣም ኮራሁ፤ የሚያፍር ይፈር።

ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ደወሉ። የፍርዱ ሰዓት መድረሱን አውቄ ቁጭ አልኩ።

«እኔ በየሳምንቱ እዚያ ሳይት እሄዳለሁ» አሉ። «ከኮለኖቹ አጠገብ ቆሜ ስልክ አውርቻለሁ፤ አላየሁትም። ጥፋትሽን ደብቀሽኝ ቢሆን ዛሬ እናሰናብትሽ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ቢሮ ቀስት የሌለበት የኮለን ወረቀት አይወጣም። ሌሎች ሁለት ሕንፃዎችም እልክልሻለሁ።»

«ታዲያ መቼ ልምጣ?» አልኩ፤ ነገሩ ገና አልገባኝም ነበር።

«ወዴት ነው የምትመጪው? እዚያው ሁኚ እንጂ። እዚህ ከመጣሽ እንደኛ አጠገቡ ቆመሽ አታዪውም።»

ለአባቴ ስነግራቸው ብዙ አልተናገሩም። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና ወደ ጓሯቸው ሄዱ። እንዲያው ትንሽ ከፋኝ፤ የበለጠ ጠብቄ ነበር።

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ተቀምጠናል። እኔ ከሴቶቹ መካከል፣ እሳቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር። አንድ የዕድሜ እኩያቸው ጠላውን እየተቀበሉ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ «ልጅህ መቼ ነው ወደ ሥራዋ እምትመለስ?» ብለው ጠየቁ። አባቴ ጽዋቸውን አስቀመጡ።

«ከየት ወዴት ትመለስ? ሥራ ላይ ነን እኮ» አሉ። «እኔና እሷ አዲስ አበባ አሥራ አራት ፎቅ እየሠራን ነው። መሠረቱን ባለፈው ሰኞ ሞላነው።»