ጥር ላይ የማያፈስ ጣራ

የቤታችን ጣራ ግማሹ ብቻ ተከድኖ ሳለ ሙሉ በሙሉ ታድሷል ተብሎ ኪራይ ተጨመረብን። በዚያ የተነሳ እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ቀረሁ። ነገሩ ይኸው ነው።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ሽሮ ሜዳ፣ ወደ እንጦጦ በሚያስወጣው አቀበት ላይ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። የዘመኔ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ ስኳር በራሽን፣ ሳሙና በወረፋ፣ እሁድ ጠዋት ስብሰባ። ሰፈራችን የሸማኔ ሰፈር ስለሆነ ገና ጎህ ሲቀድ ከየቤቱ የመወርወሪያ ድምፅ ይሰማል፤ ከላይ ደግሞ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ይወርዳል። አባቴ ከጋሞ የመጣ ሸማኔ ነበር። የሸማኔ ቤት ከሌላው ቤት የሚለየው ወለሉ ላይ ጉድጓድ ያለው በመሆኑ ነው። ሸማኔው ጠርዙ ላይ ይቀመጥና እግሩን እዚያ ውስጥ ሰድዶ መርገጫውን ይረግጣል። ቀኑን ሙሉ እግሩ ከመሬት በታች ነው። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ማጉን በቀሰም፣ በቀጭን የሸምበቆ ቁራጭ፣ ላይ አዳውርለት ነበር። መስከረም ሲጠባ ግን ሊያስመዘግበኝ ቃል ገብቶልኛል። እናቴ ከአሮጌ አቡጀዲ የደብተር መያዣ ሰፍታልኝ፣ ደብተር እስኪመጣ ድረስ ብይ ይዤበት እዞር ነበር።

ኅዳር ላይ የቀበሌው ሠራተኞች አዲስ ቆርቆሮ ይዘው መጡ። የዛገውን አሮጌ ጣራ በሙሉ ነቅለው በመኝታው በኩል ያለውን ከደኑና ቆርቆሮ አለቀ አሉ። በጉድጓዱ በኩል ሸራ ወጥረው፣ ዳርና ዳሩን በድንጋይ ጭነው ሄዱ። ለሁለት ሳምንት ነው የተባለው። ጥር ላይ ውል የሚታደስበት ቀን ሲደርስ አባቴ ቀበሌ ተጠራ። የቤቶች ኃላፊው ወጣት ነበር፤ ሰውን ቀና ብሎ ሳያይ "ጓድ፣ እዚህ ጋ" ይላል። አባቴ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ እዚያ ጋ አሳረፈ። ቤት ሲመጣ ነው አንድ ማንበብ የሚችል ጎረቤት ያነበበለት፤ "ጥገናው ተጠናቆ ቤቱን ተረክቤያለሁ፤ በአዲሱ ኪራይ ተስማምቻለሁ" ይላል።

ጭማሪውን ለመሸፈን በየወሩ አንድ ትርፍ ጋቢ መውጣት ነበረበት። ጋቢ ያለ አዳዋሪ አይወጣም። አዳዋሪው እኔ ነኝ። አባቴ ይህን አልነገረኝም፤ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁት።

ወደ ፍርድ ሸንጎ ሊሄድ ሲነሳ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በር ላይ አገኙት። "አንተ ሰውዬ፣ ቀበሌን ልትከስ? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማህም?"

"ንጉሡማ ወርደዋል" አላቸው አባቴ። "የቀረው ሰማዩ ነው፤ እሱም ቤቴ ገብቷል።"

"ዝም በል፣ ግድግዳው ይሰማል" አሉት፤ ግን በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሲስቁ አየሁ።

የሸንጎው ሰብሳቢ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ጡረተኛ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሸንጎው የሚቀመጠው የቀበሌው ግቢ ውስጥ ነው፤ አከራዩም ዳኛውም በአንድ በር ነው የሚወጡት። ሁለት ሰው አስከትለው ሊያዩ መጡ። ጥር ነው፤ ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠርቷል። ጋሽ ደምሴ ሸራውን አንጋጠው አዩ፤ ወለሉን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉ። አቧራ ነው። "ታዲያ የታል የሚያፈሰው?" አሉ። "ዝናብ ሲመጣ ጥሩን።" እስከዚያ ድረስ አዲሱ ኪራይ ይከፈል ተባለ።

ሰኔ ላይ ዝናቡ መጣ። ጉድጓዱ ሌሊት ይሞላል፤ ጠዋት በጣሳ እንቀዳለን። ታቹ ግን አይደርቅም፤ ውሃው ከመሬቱም ይመነጫል። አባቴ እዚያ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ይውል ነበር። ማታ እናቴ በሞቀ ውሃ ታሽለታለች፤ እግሩ ነጭ ሆኖ፣ የተቀቀለ ይመስላል። ጥሩን እንደተባለው ጠራናቸው። ስብሰባ አለ ተባልን። ዘመቻ አለ ተባልን። አንድ ጊዜ ደግሞ "ዝናቡ ያባራና እንመጣለን" አሉን። ይህን ስናገር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ጋሽ ደምሴ በስተመጨረሻ የመጡት ለፍርድ አይደለም፤ ያዘዙትን ጋቢ ሊያዩ ነው። ነሐሴ ነበር፤ ካፊያ ይጥላል። ቆመው "ወዲህ አውጣውና ልየው" አሉ።

"ድር ላይ ያለ ጋቢ አይወጣም ጋሼ" አለ አባቴ፤ ተነስቶ ቦታውን ለቀቀላቸው። "ከተቀመጡ ነው የሚያዩት።"

ጋሽ ደምሴ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠርዙ ላይ ተቀመጡና እግራቸውን ሰደዱ። ጫማቸውን አላወለቁም ነበር። ውሃው እስከ ቅልጥማቸው ደረሰ። ይነሳሉ ብዬ ስጠብቅ አልተነሱም። ጋቢውን አላዩትም።

"ስንት ጊዜ ጠራኸኝ?"

"አራት።"

"ይህ ልጅ ትምህርት ቤት አይሄድም?" አሉ እኔን እያዩ።

በሳምንቱ ፈረዱ፤ ጣራው ተከድኖ እስኪያልቅ ድረስ በድሮው ኪራይ ይከፈል፣ የተከፈለው ትርፍም ይታሰብለት። ፍርዱ ደግ ነበር። ቆርቆሮው ግን በፍርድ አይመጣም፤ የቤቶች ኃላፊው ዛሬ ነገ እያለ መስከረምን አሳለፈ። ጉድጓዱ እስኪደርቅ ሥራው ስለተጓተተ አባቴ ያለ አዳዋሪ ሊቀር አልቻለም፤ ምዝገባው ተዘጋ። አባቴ በዚያ ክረምት የያዘው ቁርጥማት ስላልለቀቀው መርገጫውን መርገጥ አቃተው። በዓመቱ እግሬ መርገጫው ላይ ሲደርስ ጉድጓዱ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ፤ ማጉን ታናሽ እህቴ ታዳውርልኝ ጀመር።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በማታ ትምህርት፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ካደረሱ እናቶች ጋር። አሁንም ተከራይ ነኝ፤ የግለሰብ ቤት፣ እዚያው ጉለሌ። አከራዬ በየዓመቱ ጭማሪውን ይዞ ይመጣል። መጸዳጃ ቤቱን አሠራለሁ ካለ ሦስት ዓመቱ ነው። የውሉን ወረቀት ሲሰጠኝ መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነባለሁ፤ ያልተሠራውን "አልተሠራም" ብዬ በእጄ ጽፌበት ነው የምፈርመው። "አንተ ሰውዬ ታደክማለህ" ይለኛል። ይድከም። ያኔ ለመክሰስ ድፍረት ነበረን፤ ማንበብ አልነበረንም። ዛሬ ሁሉም ያነባል፤ ግን አከራዩ ነገ ውጣ ይለኛል ብሎ ዝም ይላል። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም። አባቴን ግን አውቀዋለሁ፤ ዝም አላለም።

በሁለት ሳምንት ያልቃል የተባለው ጣራችን ተከድኖ ያለቀው ኅዳር 19 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው።