ክር በጥርሱ በጥሶ

ልብስ ሰፊው ከሞተ ወዲህ ሱቁን የያዘችው ልጁ ናት። እኔ አጠገቧ ሰዓት እጠግናለሁ፤ በመካከላችን ያለው ሳንቃ ብቻ ስለሆነ የእነሱ ወሬ እኔ ጆሮ ውስጥ ነው የሚያድረው። የካውያው እንፋሎት በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም ሰውዬው «ጎረቤት፣ አለህ ወይ?» የሚለኝ ይመስለኛል። ይናፍቀኛል፤ ምን ይደበቃል።

ልጅቱ ስለ አባቷ ረጅም የሙሾ ግጥም ጽፋ መጽሔት ላይ ወጣላት። ከዚያማ ሱቁን ልብስ ከሚያሰፋው ይልቅ አንባቢው ሞላው። ባለ ሥጋ ቤቱ፣ ያ ፊቱ የማይፈታ ሰው፣ «የኔን አባት የት አግኝተሽው ነው?» ብሎ ተንሰቀሰቀ። ጡረታ የወጡት መምህር ደግሞ «ቤቱስ ይመታል፤ ግን ረዘመ» አሏት።

«ሱሪ ቢሆን ታሳጥርልዎ ነበር» አልኩ እኔ፣ በሳንቃው በኩል።

ሁሉም በቃሉ የያዛት ግን ይቺን ነው፦

መቀስ አጠገቡ፣ ክር በጥርሱ በጥሶ፣
አዲሱን አልብሶኝ፣ ቀዳዳውን ለብሶ።

ለእሷ የማንም ሙገሳ ጠብ አላለላትም። የምትጠብቀው የእናቷን ቃል ነበር። እናቲቱ ዕድሜ ልካቸውን እዚያው ሱቅ ጥግ ተቀምጠው ጠርዝ በእጃቸው የሚዘመዝሙ ሴት ናቸው። መጽሔቱን ወስደው አነበቡት፣ አጥፈው መለሱትና ጠርዛቸውን መዘምዘም ቀጠሉ።

አንድ ከሰዓት አላስቻላትም። እኔም ወሬ ሲሸተኝ ብቅ አልኩ።

«እማዬ፣ አልወደድሽውም እንዴ?»

«ወድጄዋለሁ። ግን አባትሽ ክር በጥርሱ በጥሶ አያውቅም። መቀስ ከእጁ መች ተለይቶ?»

«ኧረ እማዬ! ጠረጴዛው ሥር ተኝቼ ክሩ ጠቅ ሲል እየሰማሁ አይደል እንዴ ያደግሁት!»

እናቲቱ የያዙትን ጠርዝ ጨረሱ፤ ጎንበስ አሉና ክሩን በጥርሳቸው ጠቅ አደረጉት። ከዚያ ከንፈራቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩአት። የፊት ጥርሳቸው ጫፍ ክር በልቶት ጎድጉዷል። ስንት ዘመን አብሬያቸው ሻይ ስጠጣ፣ እኔ ዓይን አለኝ ባይ፣ አላየሁትም።

ልጅቱ አፏን ያዘች። «አስተካክለዋለሁ! መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ ያንቺ መሆኑን እጽፋለሁ።»

«ተይው የኔ ልጅ፣ ለሱ ይሁንለት። እሱ ከእንግዲህ ምን ያገኛል? እኔ አለሁ አይደል?»

አለቀሰች። እኔም ሰዓት ረሳሁ ብዬ ወጣሁ።

አሁንም አንባቢ ይመጣል። ያቺን ስንኝ እያነበነበ የሟቹን ጥርስ ያመሰግናል። እናቲቱ ጥጋቸው ላይ ጎንበስ ብለው ጠቅ ያደርጋሉ። ልጅቱ ያኔ ማሽኗን አቁማ ትሰማለች።